ለአደባባይ የሚሆን፣ ለዳገት የማይሆን ካንዴላ

«ጠፋ!» አለ ዊልማር፣ ገና ሳይጠፋ።

የሩቢኤላ ጂፕም አላሳፈረውም። ሳል ሳል አደረገው፣ ከኋላው ጥቁር ጭስ ተፋና የጂፖቹ ሰልፍ ፊት ለመድረስ የአንድ መኪና ርዝመት ያህል ሲቀረው ጸጥ አለ። የቅዳሜ ገበያ ነው። የአደባባዩ ሰው፣ አሬፓ የሚባለውን የበቆሎ ቂጣ የምትጠብሰው ሳትቀር፣ ዞር ብሎ አየ። ሩቢኤላ ቁልፉን ደጋግማ አዞረች። ሞተሪኖው እንደ በሽተኛ አቃሰተ፤ ሞተሩ ግን አልነሣ አለ።

ተራ አስከባሪው ዶን አርጌሚሮ ከቤተ ክርስቲያኑ ደረጃ ላይ ሆነው ፊሽካቸውን ነፉ።

«ወደ ጭራ!»

«ዶን አርጌሚሮ፣ ትንሽ እኮ ነው የቀረኝ! በእጄ ገፋ ላድርገው?»

«የተገፋ ወደ ጭራ ነው፣ ልጄ። ሕግ ነው።»

«ሕጉን ግን ማን ነበር ያወጣው?» አለ ዊልማር፣ ከኋላዋ ካቆመው ጂፑ መስኮት አንገቱን አውጥቶ። «ይንገሩን እንጂ ዶኛ ሩቢኤላ! ያን ለት ሳቅ ይዞኝ በደንብ አልሰማሁም።»

ያወጣችው እሷ ነበረች። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሾፌሮቹ የሞተ ጂፕ እየገፉ ተራ ያስይዙ ነበር፤ ከዚያ ሰውና ጭነት ይዞ ገደል አፋፍ ላይ ይቆማል። ሩቢኤላ ስብሰባ ላይ ተነሥታ፣ «በሰልፍ ላይ የጠፋ መኪና ዳገት ላይም ይጠፋል፤ የጠፋበት ወደ ጭራ ይሂድ» አለች። በአንድ ድምፅ ጸደቀ። ከሁሉ በላይ ያጨበጨበችው ራሷ ነበረች።

አሁን ግን ከጂፑ ወርዳ፣ ጥርሷን ነክሳ፣ መሪውን በአንድ እጇ ይዛ በሌላው እየገፋች ወደ ሰልፉ ጭራ ወሰደችው። እኔም ከፊት ወንበር ወርጄ ገፋሁ። የታችኛው ሸለቆ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነኝ፤ ለአስቤዛ ወደ ከተማ ስወጣም ስመለስም ከሷ ጂፕ ሌላ አልሳፈርም። ዘይትና ሩዜን እቅፌ አድርጌ ዕድሜዬን በዚያ ወንበር ላይ የጨረስኩ ይመስለኛል። መኸር ላይ ተማሪዎቼ ለቀማ ስለሚወጡ ደግሞ አብሬያት ስወርድ ስወጣ እውላለሁ።

ከተማችን ተራራው ጫፍ ላይ፣ ጉም ውስጥ የተጎለተች ናት። እርሻው ታች፣ ወንዙ ዳር፣ ሙቀቱ ውስጥ ነው። ስለዚህ የኛ አገር ጂፕ ሥራው የተገላቢጦሽ ነው፤ ባዶውን ይወርዳል፣ ቡናና ሙዝ ተሸክሞ ይወጣል። ማን ወርዶ የማንን ጭነት እንደሚያመጣ የሚወስነው የአደባባዩ ተራ ነው። ፊት ያለው ይጠራል፣ ይወርዳል፤ ጭራ ላይ ያለው ከሰዓት በኋላ አንድ ጊዜ ቢጠራም እድለኛ ነው። በመኸር ማብቂያ ላይ ደግሞ ከሁሉ ያነሰ ያመላለሰ ሾፌር መስመሩን ለሌላ ይለቃል። ሩቢኤላ የያዘችው የሸለቆውን መስመር ነው፤ የተወለደችበትን። ዊልማር ዓይኑን የጣለውም እዚያው ላይ ነው።

ጂፑ የአባቷ ነበር። ወንድሞቿ አንዱ ፖሊስ ሆነ፣ አንዱ ወደብ ከተማ ሄዶ ቀረ። ሽማግሌው ዓይናቸው ሲደክም እሷ ከጎናቸው ተቀምጣ፣ እሳቸው ፍሪሲዮን ሲረግጡ እሷ ማርሽ ታስገባ ነበር፤ እንዲህ እያሉ አንድ ቀን ወንበር ተለዋወጡ። ባል አላገባችም። «ጂፑን አገባች» ይሏታል። «ባል ቢሆን ኖሮ ዘይት ብቻ በልቶ አይተኛም ነበር» ትላለች። አሳማ ጭናለች፣ ሙሽራ ጭናለች፣ ሬሳም ጭናለች። ሐኪም ዘንድ ሳይደረስ እሷ ጂፕ ውስጥ የተወለዱ ሁለት ልጆች አሉ፤ ሴቷን ሩቢኤላ፣ ወንዱን ሩቢኤል አሏቸው። ሩቢኤል ክፍሌ ውስጥ ነው፤ ሲቀመጥም ሲነሣም ያጓራል።

ያን ቅዳሜ ከሰዓት፣ ተራችን እንደማይደርስ ሲታወቅ፣ ጂፑን ከገበያው ጀርባ ወዳለው የጊልዳርዶ ጋራዥ ወሰድነው። ጊልዳርዶ የሩቢኤላ አበልጅ ነው፤ የመጨረሻ ሴት ልጁን ክርስትና ያነሣችለት እሷ ናት። ድምፁ ከመዶሻው ይበልጣል። ቤንዚኑን የሚለኩሱትን ካንዴላዎች ፈታና አንዷን ወደ ሩቢኤላ አፍንጫ አስጠጋት። በዘይት የራሰች፣ ከሰል የመሰለች ጥቁር።

«አበልጄ፣ ካንዴላሽን ብርድ መቷታል!» አለ።

«ምን ብርድ?»

«ይህቺ ቀዝቃዛ ካንዴላ ናት። እያት፣ ነጩ አፍንጫዋ አጭር ነው። ሙቀቱን ቶሎ ለብረቱ ታስረክባለች። ሰልፍ ላይ ቆመሽ ስትንተከተኪ ዘይቱ ይደርስባታል፣ ለማቃጠል የሚበቃ ሙቀት የላትም፣ ትታፈናለች። ትኩስ ነው የሚያስፈልግሽ። አፍንጫዋ ረዘም ያለች፣ ሙቀት ይዛ የምትቆይ፣ ዘይቱን ጢስ አድርጋ የምታባርር።»

«አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በዚችው ነው የነዳ።»

«አባትሽ ሲነዱ ሞተሩ ዘይት አይበላም ነበራ! ደግሞስ ሰው ሁሉ ትኩስ አይደለም እንዴ የሚያስረው? በዚህ ብርድ!»

እውነቱን ነው፤ ከተማው ሁሉ ትኩስ ነው የሚያስረው። እኛ ዘንድ ሁሉም ነገር ትኩስና ቀዝቃዛ ተብሎ የተከፈለ ነው፤ ምግቡም፣ ቅጠሉም፣ የሰው ጠባይም። ጉም የመታው ሰው ቀረፋ የፈላበት የሸንኮራ ውሃ ይጠጣል። ከትኩስ ምድጃ የተነሣች ሴት እጇን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ አትነክርም። ታዲያ በብርድ አገር ለቆመ ሞተር ትኩስ ካንዴላ መስጠት ለማን ይከብዳል? ከቄሱ ጀምሮ እስከ አሬፓ ጠባሿ የጠየቅነው ሁሉ «ትኩስ!» አለ። ሞተሩ ስለ ውጪው ጉም ምንም እንደማያውቅ፣ የሚያውቀው የተጫነበትን ብቻ እንደሆነ፣ ያን ጊዜ ያሰበ ሰው አልነበረም። እኔም አላሰብኩም።

ትኩሱ ታሰረ። በማግስቱ ሩቢኤላ ሰልፉ ላይ ንግሥት ሆነች። ጂፑ ጠዋቱን ሙሉ ሳያስነጥስ ተንተከተከ። ዊልማርን ቀድማ ስትጠራ ጡሩምባዋን አስረዝማ ነፋችለት። ወደ ሸለቆው ስንወርድ ትዘፍን ነበር፤ ድምፅ የላትም፣ ግን ዘፈነች።

መዝፈኗ ወንዙ ድረስ ነበር። የሸለቆውን ትልቅ ባለ እርሻ የዶን ኦቢዲዮን ቡና ከነእርጥበቱ በጆንያ ጭነን፣ ላዩ ላይ የሙዝ ዘለላ ከምረን፣ ከዚያም ላይ ለቃሚዎቹ ተንጠላጥለው ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ ጀመርን። ግማሽ ሳንደርስ ከሞተሩ ውስጥ አንድ ድምፅ መጣ፤ ቆርቆሮ ውስጥ ሚስማር የሚያናውጡ ይመስላል።

«ዶኛ! ሚስማር ነው እንዴ የጫኑት?» አለ አንዱ ለቃሚ ከላይ።

«አፍህን ዝጋና ውረድ፣ ይቅለለው!»

ወረዱ፤ በእግራቸው ጂፑን እየቀደሙ ወጡ። ጫፍ ደርሰን ቡናውን ካራገፍን በኋላ ሩቢኤላ ቁልፉን አጠፋች። ሞተሩ አልጠፋም። ቁልፉን ነቅላ በእጇ ይዛ ቆመች፤ ሞተሩ እየተንገጫገጨ ይሠራል።

«ይገርማል!» አለ ዊልማር ለአደባባዩ በሙሉ። «ትናንት አልነሣ አለ፣ ዛሬ ደግሞ አልጠፋ አለ! ዶኛ፣ ይህን መኪና ጠበል ይውሰዱት!»

ጊልዳርዶ ሲፈታቸው ካንዴላዎቹ ነጭ ሆነዋል፤ የጸዳ ነጭ ሳይሆን የተቃጠለ አጥንት ነጭ። ጫፋቸው ላይ ብጉር ወጥቷል።

«አየሽ! ጥርት አደረገልሽ!»

«አበልጄ፣ ዓይንህን ግለጥ። ይህ ጥርት ማለት ነው? ሊያልቅ የደረሰ ነው።»

ጊልዳርዶ አገላብጦ አየው። ጭንቅላቱን አከከ። «እሺ፣ ትንሽ ሞቋል። ዳገቱ ጭነት አለው፤ ጭነት ሞተሩን ያግለዋል፣ ካንዴላዋም በበኩሏ ሙቀቱን አልለቅም ትላለች፣ ቤንዚኑ ሰዓቱ ሳይደርስ ይነዳል። የሚንኳኳው እሱ ነው። መካከለኛ ውሰጂ፣ በቃ።»

«በቃ» አለች ሩቢኤላ፣ እሱ ያላትን ቃል እንደ መድኃኒት እየዋጠች።

ቀዝቃዛዋ ላይ የተጻፈው ዘጠኝ ነበር፣ ትኩሷ ላይ አምስት። መካከለኛ ማለት ሰባት ነው፤ ለማስላት አስተማሪ አያስፈልግም፣ ግን አስተማሪው አብሮ ነበርና እኔም «ሰባት» አልኩ። የመለዋወጫ ሱቁ ባለቤት መደርደሪያውን አይቶ፣ «የዚያኛው ፋብሪካ አልቋል፤ የዚህኛው አለ። ሰባት ሰባት ነው» አለና ሌላ ቀለም ካርቶን አወረደ። አሰርነው።

በማግስቱ እንደገና ቡና ጭነን ወጣን። ዳገቱ ላይ አንድ መዞሪያ አለ፤ የበቅሎ ጉልበት የሚባለው፣ መንገዱ እጥፍ ብሎ ሽቅብ የሚቆምበት። እስከዚያ ድረስ ሚስማሩ ሲንኳኳ መጣ። መዞሪያው ላይ ሞተሩ አንድ ጊዜ በአፉ ተኮሰ፣ ጉልበቱ ከሥሩ ከዳው፣ ቆመ። ሩቢኤላ ፍሬን ረግጣ እኔን ተመለከተች። እኔ ወርጄ ከጎማው ኋላ ድንጋይ አደረግሁ። ከጆንያው የቡና ውሃ ይንጠባጠባል። እርጥብ ቡና ፀሐይ ላይ ከቆመ ይኮመጥጣል፣ ከኮመጠጠ ገዢ ፊቱን ያዞርበታል።

በጨርቅ እጇን ጠቅልላ አንዷን ካንዴላ ፈታች። የጫፏ ሽቦ የለም። ቀልጧል።

ከኋላ የመጣው ጂፕ የዊልማር ነበር። የመንገዱ ልማድ ግልጽ ነው፤ የቆመ ሰው ጭነቱን ለተከታዩ ይሰጣል። ዊልማር ወረደ፣ የቀለጠችውን ካንዴላ አየ፣ እሷን አየ። አንድ ቀልድ እንጠብቅ ነበር። እሱ ግን ጆንያዎቹን አንድ በአንድ ተሸክሞ ወደራሱ ጂፕ አዛወረ፤ ሲጨርስ «ውሃ አለዎት?» ብሎ ጠየቃት። ሩቢኤላ ያን ቀን ያንገበገባት የሞተሩ መቆም አልነበረም፤ ዊልማር አለመሳቁ ነበር። «አዘነልኝ እኮ!» አለችኝ ከሄደ በኋላ። «ያ አላጋጭ አዘነልኝ!»

በገመድ ተጎትተን ጋራዥ ደረስን። ጊልዳርዶ ካርቶኑን አነበበና ጉንጩን ነፋ።

«ይህ የሌላ ፋብሪካ ነው እኮ።»

«ሰባት ነው!»

«ሰባት ነው። ግን የእነዚያ ቁጥር ሲጨምር ይቀዘቅዛል፣ የእነዚህ ቁጥር ሲጨምር ይሞቃል። ይህ ከበፊቱ ትኩስም የባሰ ትኩስ ነው። ፒስተኑ አለመበሳቱ ራሱ የእመቤታችን ሥራ ነው።»

«እና ይህን መቼ ልትነግረኝ ነበር?»

«አልጠየቅሽኝማ!»

ሩቢኤላ በእጇ የነበረውን የካንዴላ ቁልፍ ወረወረችው። እሱን ሳትው የዘይት በርሜሉን አገኘችው፤ የጋራዡ ዶሮዎች ተበተኑ። ከዚያ ጎማ ላይ ተቀምጣ ሁለቱን እጆቿን ጭኗ ላይ ጣለች። ጊልዳርዶ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ ሳውቀው ዝቅ ሲያደርግ የመጀመሪያ ጊዜው ነው።

«አበልጄ፣ ካንዴላዋን ለቀቅ አድርጊያት። እሷ ምንም አላደረገችም። የሞተሩ ፋሻ፣ የፒስተኑ ቀለበት፣ አልቋል። ዘይቱ በዚያ እየሾለከ ነው ካንዴላዋን የሚያፍናት። ሞተሩ መውረድ አለበት። ፋሻው አዲስ ከሆነ የአባትሽ ቀዝቃዛ ካንዴላ ሰልፉንም ዳገቱንም ትችላለች።»

«ስንት ጊዜ ይፈጃል?»

«ዕቃው ከትልቁ ከተማ እስኪመጣ... መኸሩ ያልፋል።»

«መኸሩ ካለፈ ደግሞ መስመሩ ያልፋል!»

ጊልዳርዶ ጎንበስ ብሎ የወረወረችውን ቁልፍ አነሣ። እኔ ዶሮዎቹን ሰበሰብኩ።

ከዚያ በኋላ ያደረገችውን ሸለቆው ሁሉ አይቷል። ሁለት ዓይነት ካንዴላ ያዘች። ለሰልፉና ለቁልቁለቱ ትኩሱን ታስራለች፤ ቁልቁለትም ላይ ጭነት የሌለው ሞተር ታፍኖ ሲወርድ ዘይት ይስባልና። ወንዙ ዳር ስትደርስ፣ እየጫኑላት፣ በጋለ ሞተር ላይ ጎንበስ ብላ ትኩሱን ትፈታና ቀዝቃዛውን ታስራለች። ጫፍ ስትደርስ መልሳ ትቀይራቸዋለች። ጣቶቿ እየተቃጠሉ ቆዳቸው ተገፈፈ። ለቃሚዎቹ ያጉረመርማሉ። ዶን ኦቢዲዮ ሰዓታቸውን እያዩ ይቆማሉ።

«ዶኛ ሩቢኤላ፣ ቡናዬ ጆንያው ውስጥ ሊበቅል ነው እኮ።»

«ይብቀል። ለሚቀጥለው ዓመት ችግኝ አይገዙም።»

አደባባዩ ላይማ ነገሩ ዘፈን ሆነ። «ዶኛ ወንዝ ላይ በባዶ እግራቸው፣ ከተማ ሲገቡ በጫማ!» ይላል ዊልማር፤ ማዘኑን ረስቶታል፣ እግዚአብሔር ይስጠው። በዚህም ቢሆን በሰልፉ ቦታዋን ያዘች፣ ዳገቱንም ወጣች። ግን ጊልዳርዶ አንድ ጠዋት ባትሪ አብርቶ የካንዴላ ቀዳዳዎቹን ሲያይ ጥርሳቸው መበላቱን አየ።

«በጋለ የሞተር ቴስታታ ላይ ካንዴላ መፍታት ጥርሱን እንደሚበላ ነግሬሻለሁ።»

«ይህኛውን እንኳ ነግረኸኛል» አለች።

«አንድ ዓይነት ምረጪ። ሌላ ጥቂት ጊዜ ከፈታሽው ጨርሶ አይታሰርም።»

መረጠች። የመረጠችው ግን ከጋራዡ ውስጥ አልነበረም። በቀጥታ ወደ አደባባዩ ሄደች፣ እኔም ተከተልኳት። የቤተ ክርስቲያኑን ደረጃ ወጥታ ዶን አርጌሚሮ ፊት ቆመች።

«ከሰልፉ ያውጡኝ።»

ሽማግሌው ፊሽካቸውን ከአፋቸው አወጡ። «ምን ሆነሽ ነው? ከሰልፉ የወጣ ተራ የለውም። ተራ የሌለው መስመር የለውም።»

«አውቃለሁ።»

«አባትሽ እዚህ ደረጃ ላይ ከኔ ጋር...»

«አባቴ ዳገት ነበር የሚወጣው፣ ዶን አርጌሚሮ። የኔ ሞተር ሁለት ሥራ አይችልም። አንዱ መቆም ነው፣ አንዱ መሸከም ነው። መቆሙን ትቼዋለሁ።»

«ሸለቆው ለዊልማር ይሄዳል።»

«መስመሩ ይሂድለት። ገበሬው በደጁ ለማን እንደሚጭን ግን ሕግ አልወጣበትም። እኔ አውቃለሁ፤ ሕጉን ያወጣሁት እኔ ነኝ።»

ዊልማር ከታች ሆኖ ይሰማ ነበር።

ጂፑን ወደ ሸለቆው አወረደችውና የእህቷ ልጅ ግቢ ውስጥ፣ ሙዝ ሥር አስቀመጠችው። ቀዝቃዛዎቹን አሰረች። ከዚያ ከደጅ ደጅ በእግሯ ዞረች፤ «ጠዋት ወንዙ ዳር ነኝ። ጭነት ያለው ይጥራኝ።» የሩቢኤል እናት ወዲያው እሺ አለች፤ ጂፕ ውስጥ የወለደች ሴት እንዴት እንቢ ትላለች። ጥቂት ትንንሽ እርሻዎችም ተከተሉ። ዶን ኦቢዲዮ ግን ኮፍያቸውን አውልቀው፣ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ «እኔ ከተራው ጋር ነው ልማዴ፣ ዶኛ» አሏት። የሸለቆው ግማሽ ቡና የሳቸው ነው። አልተከራከረችም። ከበራቸው ከወጣን በኋላ ግን እስከ ወንዙ ድረስ ለድንጋዩም ለበቅሎውም ስትሳደብ ሄደች።

ከዚያ ወዲህ የሷ ቀን የሚጀምረው ከታች ነው። ከቁልቁለቱ የተረፈውን ጥቁር ዘይት ለመጥረግ፣ ሞተሩ ማታ ሲቀዘቅዝ ካንዴላዎቹን ፈትታ በሽቦ ብሩሽ ታጸዳለች፤ የሚያጣድፋት የለም። ጠዋት ጆንያው ይጫናል፣ ሰው ይንጠላጠላል፣ የበቅሎ ጉልበትን በአንደኛ ማርሽ ትወጣዋለች። ሞተሩ ያጉረመርማል፣ ሚስማር ግን የለም። አንድ ቀን ጫፍ ደርሰን፣ ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠብቃ፣ አንዷን ካንዴላ ፈትታ አሳየችኝ፤ ጫፏ የደረቀ ቡና ቅርፊት ይመስላል፣ ጥቁርም ነጭም ያልሆነ ቡኒ። የጤነኛ ካንዴላ ቀለም ነው፤ ጊልዳርዶ ሲያየው ኮፍያውን ያነሣል። ለእኔ ግን ያኔ ከቀለሙ ይልቅ ፊቷ ነበር የታየኝ፤ ደስ አላላትም።

ቡናውን ካራገፈች በኋላ ወደ አደባባዩ በጂፕ አትገባም። ከመቃብር ቦታው አጠገብ፣ ቁልቁለቱ ላይ አፍንጫውን ወደ ታች አድርጋ ታቆመውና በእግሯ ትመጣለች። አሬፓዋን ገዝታ ከሾፌሮቹ ጋር ትቆማለች።

«እግረኛዋ መጡ!» አለ ዊልማር ባለፈው ቅዳሜ። «ዶኛ፣ ጫማዎን ማን ነው የሚጠርግልዎ?»

«አንተ ከዶን ኦቢዲዮ ቡና የተረፈህ ጊዜ አለህ እንዴ?»

«አለኝ። ተራ እየጠበቅሁ ነው።» ከዚያ ሳቁ ትንሽ ቀዘቀዘና ወደሷ ጠጋ አለ። «ዶኛ፣ የኔም ዳገቱ ላይ ማንኳኳት ጀምሯል። የትኛውን ነው የሚያስሩት?»

ሩቢኤላ አሬፓዋን እያኘከች አተኩራ አየችው። ባትነግረው ሞተሩ ይቀልጣል፣ ብትነግረው የሸለቆውን ግማሽ እስከ ዘላለሙ ያመላልሳል። ሰልፉ አንድ ቦታ ወደ ፊት ተላወሰ፤ ከኋላ ጡሩምባ ተነፋበት።

«ቀዝቃዛውን» አለችው። «ከካርቶኑ ቁጥር አትመን። አፍንጫዋን እያት፣ አጭር ትሁን። ሰልፍ ላይ ትታፈንብሃለች፣ ያን ጊዜ እንዳትሰድበኝ።»

ወደ መቃብሩ መንገድ ስንመለስ ከጎኗ እሮጥ ነበር፤ በንዴት ስትሄድ አይደረስባትም። ጂፑ ላይ ወጣች፣ የእጅ ፍሬኑን ለቀቀች፣ ቁልቁለቱ ወሰደን፤ ሞተሩ ሁለት ጊዜ ካስነጠሰ በኋላ ያዘ።

«ከመኸሩ በኋላ ሞተሩን ታወርጂዋለሽ?» አልኳት።

«ከመኸሩ በኋላ ዝናብ ነው፣ ከዝናቡ በኋላ መንገዱ ይናዳል። ለምን ነገርኩት? ንገረኝ እስቲ፣ አንተ የተማርክ ነህ፣ ለምን ነገርኩት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«ታዲያ ዝም በልና ሩዝህን አጥብቀህ ያዝ» አለችና ወደ መጀመሪያው መዞሪያ ጠመዘዘችው።